ላዕሉና ታህቱ፦ የኮዲንግ ማሠልጠኛዎች የቅጥር ምጣኔና የተማሪው ዕዳ

አንድ ሰው ሥራውን ትቶ ወይም የጀመረውን ትምህርት አቋርጦ ወደ ኮዲንግ ማሠልጠኛ የሚገባው ፕሮግራም መጻፍን ለማወቅ ብቻ አይደለም። ዕውቀቱ ብቻውን በነጻ ይገኛል፤ በጽሑፍም በቪዲዮም የተዘጋጁ ትምህርቶች በኢንተርኔት ሞልተዋል። ተማሪው ገንዘቡንና ወራቱን የሚሰጠው ከሥልጠናው በኋላ አገኘዋለሁ ብሎ ለሚጠብቀው ሥራ ነው። ሥራው ግን ገና ያልመጣ ነገር በመሆኑ በምዝገባ ዕለት ሊታይና ሊመዘን አይችልም። በእርሱ ምትክ ለአመልካቹ የሚቀርብለት አንድ ቁጥር ነው፤ እርሱም ከምሩቃን መካከል ስንት በመቶው እንደ ተቀጠሩ የሚናገረው የቅጥር ምጣኔ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ቁጥር እንዴት እንደሚሰላና ከእርሱ ጋር ተያይዞ የመጣው የገቢ ድርሻ ውል ተማሪውን በምን ዓይነት ግዴታ ውስጥ እንዳስገባው በአሜሪካ ከታዩ ሁለት ጉዳዮች በመነሣት ያብራራል። ጉዳዮቹ የተመረጡት መንግሥታዊ አካላት መርምረዋቸው ዝርዝራቸውን በይፋ ስላወጡ ነው። ስለ እነዚህ ማሠልጠኛዎች የሚነገረው አብዛኛው ነገር ወይ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ወይ የተማሪው ቅሬታ ነውና፣ ሦስተኛ ወገን ሰነድ ገልጦ ያየው ጉዳይ ለጥናት የተሻለ መነሻ ይሆናል።

የአጭሩ ሥልጠና አነሣስ

«ቡትካምፕ» የሚለው ቃል በአሜሪካ ለአዲስ ምልምል ወታደሮች ከሚሰጠው መሠረታዊ ሥልጠና የተወሰደ ነው፤ አጭር፣ ብርቱና ፋታ የማይሰጥ መሆኑን ያመለክታል። ስያሜውን በስፋት ካስተዋወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተከፈተው ዴቭ ቡትካምፕ ነበር። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ፍላቲረን ስኩል ሥራ ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመሳሳይ ማሠልጠኛዎች በአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ተስፋፉ።

የሥልጠናው ይዘት ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም ነበር። ተማሪው የድረ ገጽ ፕሮግራሞችን መሥራት ይማራል፤ ከጓደኛው ጋር በአንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው አንዱ ሲጽፍ ሌላው እያረመ ይሠራል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ለቀጣሪ የሚያሳየው ፕሮጀክት ያዘጋጃል፤ ከዚያም የሥራ ታሪኩን ማሳመርና የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎችን መለማመድ ይከተላል። በአንድ ክፍል ውስጥ በሒሳብ ዲግሪ ያለው፣ ለዓመታት በምግብ ቤት አስተናጋጅነት የሠራ፣ ልጆቿን አሳድጋ ወደ ሥራ ለመመለስ የምትፈልግ እናት አብረው ይቀመጣሉ። ፍጥነቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። በአንድ ሳምንት ያልገባው ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ላይ እንደ ዕዳ ይጨመርበታል።

ይህ የተማሪዎች መለያየት ለቁጥሩ ትርጉም ወሳኝ ነው። በሒሳብ የተመረቀው ተማሪ ሥራ ቢያገኝ ምን ያህሉ ከማሠልጠኛው፣ ምን ያህሉ ቀድሞ ይዞት ከመጣው ዕውቀት እንደ ሆነ የቅጥር ምጣኔው አይናገርም። በመግቢያ ፈተና አስቀድሞ ብርቱዎቹን የሚመርጥ ትምህርት ቤት፣ በማስተማር ምንም ባይጨምር እንኳ፣ መልካም ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ይህ በማንኛውም የትምህርት ተቋም ላይ የሚነሣ የታወቀ ችግር ስለሆነ እዚህ ላይ አንቆይበትም። ከዚህ የቀደመው ጥያቄ ቁጥሩ ራሱ ምንን እንደሚቆጥር ነው።

አንዱን ክፍል በሦስት መንገድ መቁጠር

ማንኛውም መቶኛ ክፍልፋይ ነው፤ ላዕልና ታህት አለው። በቅጥር ምጣኔ ላዕሉ «የተቀጠሩት» ናቸው፤ ታህቱ ደግሞ ሊቀጠሩ ይገባ የነበሩት። ሁለቱም ቃላት ግልጽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ትርጓሜ ይጠይቃሉ፤ ትርጓሜውን የሚሰጠው ደግሞ ቁጥሩ እንዲያምር የሚፈልገው አካል ነው።

ለማስረዳት ያህል በምናብ የተሠራ ምሳሌ እንውሰድ። መቶ ተማሪዎች ይመዘገባሉ። ከእነርሱ 60 ሥልጠናውን ይጨርሳሉ፤ 40ዎቹ በመሐል ያቋርጣሉ። ከጨረሱት 60 ውስጥ 10ሩ ትምህርት ቤቱ ለሚልከው መጠይቅ መልስ ሳይሰጡ ይቀራሉ ወይም «ሥራ እየፈለጉ አይደለም» ተብለው ይመዘገባሉ። ከቀሩት 50 መካከል 40ዎቹ አንድ ዓይነት ገቢ የሚያስገኝ ነገር ይዘዋል፤ ከ40ዎቹ ግን በሙሉ ጊዜና በቋሚነት በሶፍትዌር ሙያ የተቀጠሩት 25 ብቻ ናቸው። የቀሩት 15 አንዱ ለዘመዱ ድርጅት ድረ ገጽ ይሠራል፣ ሌላው ለሦስት ወር በሙከራ ተይዟል፣ ሌላው እዚያው ማሠልጠኛው ውስጥ ረዳት ሆኗል።

ትምህርት ቤቱ 40ን ለ50 አካፍሎ 80 በመቶ ተቀጥረዋል ቢል በስሌቱ ውስጥ ስሕተት የለም። ሌላው ሰው 40ን ለተመዘገቡት 100 ቢያካፍል 40 በመቶ ያገኛል፤ ሦስተኛው የሶፍትዌር ቅጥርን ብቻ ቆጥሮ 25 በመቶ ይላል። ሦስቱም ስለ አንድ ክፍል የሚናገሩ ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው። ለአመልካቹ የሚጠቅመው ግን የሚጨርሰውና መጠይቁን የሚመልሰው ተማሪ ዕድል አይደለም፤ በምዝገባ ዕለት በር ላይ የቆመው ሰው፣ ማለትም የእርሱ የራሱ ዕድል ነው። ያ ዕድል የሚገኘው ታህቱ መቶ ሲሆን ነው።

ምሳሌው ምናባዊ ቢሆንም ነገሩ ምናባዊ አይደለም። የኒው ዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ከፍላቲረን ስኩል ጋር በ375,000 ዶላር ክፍያ የተቋጨ ስምምነት አድርጓል። ከክሱ አንዱ ክፍል ትምህርት ቤቱ ያለ ፈቃድ መሥራቱን የሚመለከት ነበር። ሁለተኛው ማስታወቂያውን ይመለከታል። ትምህርት ቤቱ 98.5 በመቶ ምሩቃኑ እንደ ተቀጠሩና አማካይ ደመወዛቸው 74,447 ዶላር እንደ ሆነ ያስተዋውቅ ነበር። ቢሮው እንደ ገለጸው በ98.5 በመቶው ውስጥ ቋሚ ሠራተኞች ብቻ ሳይሆኑ ተለማማጆች፣ በኮንትራት የሚሠሩና በግላቸው ሥራ የሚቀበሉ ምሩቃንም ተቆጥረዋል። የደመወዙ አማካይ ግን የተወሰደው ከሙሉ ጊዜ ተቀጣሪዎች ብቻ ነበር፤ እነርሱም በክፍል ከተማሩት ምሩቃን 58 በመቶ፣ በኢንተርኔት ከተማሩት ደግሞ 39 በመቶ ነበሩ። አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚፈጥሩትን ግምት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ሁሉም ማለት ይቻላል ሰባ አራት ሺህ ዶላር አካባቢ እንደሚያገኝ ይረዳል፤ ቁጥሮቹ ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች የሚናገሩ ናቸው።

በዚያው በ2017 የተወሰኑ ማሠልጠኛዎች በአንድ ዓይነት ትርጓሜ ውጤታቸውን ለማሳወቅ ተስማምተው አንድ ምክር ቤት አቋቁመው ነበር። አባልነቱ ግን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ቁጥሩ የማያምርለት ትምህርት ቤት ከመጀመሪያውም አይገባበትም። ያው ዓመት ዴቭ ቡትካምፕና ሌላው ታዋቂ ማሠልጠኛ ዘ አይረን ያርድ መዘጋታቸውን ያስታወቁበትም ነው።

ከደመወዝ የሚከፈል ትምህርት

ለቁጥሩ አለመታመን መፍትሔ ሆኖ የቀረበው የገቢ ድርሻ ውል ነው። ሐሳቡ የሚማርክ ነው፦ ተማሪው በምዝገባ ምንም አይከፍልም፤ ሥራ ካገኘ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከደመወዙ የተወሰነ በመቶ ይከፍላል፤ ካላገኘ አይከፍልም። እንዲህ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ተማሪው እንዲቀጠር የራሱ ጥቅም ያስገድደዋል፤ አመልካቹም የቅጥር ምጣኔውን መመርመር አያስፈልገውም፤ ውሉ ራሱ ዋስትና ይሆነዋል ተባለ።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ ባለሀብት በአንድ ሰው ትምህርት ላይ ገንዘብ አውጥቶ ከወደፊት ገቢው ድርሻ ሊወስድ እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። ዬል ዩኒቨርሲቲም በ1971 ሞክሮታል፤ ተማሪው ለተበደረው ለእያንዳንዱ 1,000 ዶላር በየዓመቱ ከገቢው 0.4 በመቶ እንዲከፍል ሆኖ፣ ክፍያው የሚያበቃው የዙሩ ሁሉ ዕዳ ሲዘጋ ወይም 35 ዓመት ሲሞላ ነበር። አንዳንዶች ሳይከፍሉ ሲቀሩ ሸክሙ በከፋዮቹ ላይ እየተጫነ ሄደ፤ ዩኒቨርሲቲውም በመጨረሻ አሠራሩን ተወው።

ለኢትዮጵያ አንባቢም መልኩ እንግዳ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ከወጣ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ድርሻውን ከደመወዙ እየተቀነሰ እንዲከፍል ግዴታ ገብቶ ይማራል። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። የወጪ መጋራት ውል የሚፈርም ተማሪ ሥራ ይገኝልሃል የሚል ቃል አልተገባለትም፤ የሚከፍለውም የትምህርቱን ወጪ ድርሻ ነው። በገቢ ድርሻ ውል ግን የሚሸጠው ተስፋው ራሱ ነው።

ውሉን በሰፊው ያስተዋወቀው በ2017 የተመሠረተው ላምዳ ስኩል ነበር፤ በ2021 ስሙን ብሉምቴክ ብሎ ለውጧል። ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥ በመሆኑ ተማሪው ከተማ መቀየር አያስፈልገውም። በተለመደው ውሉ ምሩቁ በዓመት ቢያንስ 50,000 ዶላር የሚያስገኝ ሥራ ሲይዝ ለ24 ወራት ከገቢው 17 በመቶ ይከፍላል፤ የክፍያው ጣሪያ 30,000 ዶላር ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 50,000 ዶላር የሚያገኝ ምሩቅ በወር 708 ዶላር ገደማ፣ በሁለት ዓመት 17,000 ዶላር ይከፍላል። 70,000 የሚያገኘው 23,800 ይከፍላል። ጣሪያው የሚነካው ዓመታዊ ደመወዙ ከ88,000 ዶላር ሲያልፍ ነው። በደንቡ ጠርዝ ላይ ያለውን ሰው ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል፦ 49,900 የሚከፈለው ምንም አይከፍልም፤ መቶ ዶላር ብቻ የሚበልጠው ባልንጀራው ግን በዓመት 8,500 ዶላር ይቀነስበታል።

እነዚህ ውሎች ከባድ ቢሆኑም ተማሪው አውቆ እስከ ገባባቸው ድረስ ማታለል ሊባሉ አይችሉም። የአሜሪካ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በብሉምቴክና በዋና ሥራ አስኪያጁ በኦስተን ኦልሬድ ላይ ያወጣው ትእዛዝ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ እንደ ነበር ያሳያል። ቢሮው እንዳለው ድርጅቱ ቢያንስ 11,000 እንዲህ ያሉ ውሎችን ፈጽሟል።

የመጀመሪያው ነጥብ የስያሜ ነው። ትምህርት ቤቱ ውሉ ብድር አይደለም፣ ዕዳም አያመጣም፣ ወለድና ተጨማሪ ክፍያም የለበትም ይል ነበር። ቢሮው ብድር ነው አለ፤ በተለመደው ውል ውስጥም ወደ 4,000 ዶላር የሚደርስ የብድር ዋጋ እንደ ተደበቀ ገለጸ። አንድ ወር መክፈል ያልቻለ ምሩቅ ውሉን እንዳፈረሰ ተቆጥሮ ከ30,000 ዶላሩ ጣሪያ የቀረው በሙሉ ወዲያው ሊጠየቅ ይችል ነበር። ብድር ነው መባሉ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ አበዳሪ የብድሩን ጠቅላላ ዋጋና ዓመታዊ መቶኛውን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ብድር አይደለም የተባለ ውል ከዚህ ግዴታ ያመልጣል፤ ተማሪውም ከባንክ ብድር ጋር አነጻጽሮ ሊመርጥ አይችልም።

ሁለተኛው የቅጥር ምጣኔው ነው። ድርጅቱ ከ71 እስከ 86 በመቶ ተቀጥረዋል ብሎ ሲያስተዋውቅ፣ ለራሱ የሚይዘው መዝገብ ወደ 50 በመቶ የሚጠጋ፣ አንዳንዴም እስከ 30 በመቶ የሚወርድ እንደ ነበር ቢሮው አግኝቷል። ሥራ አስኪያጁ በአንድ ዙር መቶ በመቶ ተቀጥረዋል ብለው በማኅበራዊ ሚዲያ የጻፉበት ጊዜም ነበር፤ ኋላ በግል መልእክታቸው እንዳመኑት በዚያ ቁጥር ውስጥ የነበረው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ላዕሉም አንድ፣ ታህቱም አንድ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሰነዱ ሁሉ ይህን ያህል ነገሩን የሚያስረዳ ክፍል የለም፤ መቶኛ ያለ ታህቱ ሲነገር ምን ሊሸከም እንደሚችል ያሳያልና።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ የከበደው ይመስለኛል። ውሉ የተወደደው የትምህርት ቤቱንና የተማሪውን ጥቅም ስለሚያስተሳስር ነበር። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ብዙዎቹን ውሎች ገና ክፍያ ሳይጀመርባቸው ለባለሀብቶች እያንዳንዳቸውን ከ7,000 እስከ 10,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። አሠራሩን ከንግድ ጋር ብናነጻጽረው፣ እህሉ ሲደርስ ከምርቱ ድርሻ እወስዳለሁ ብሎ ከገበሬው ጋር የተስማማ ሰው ድርሻውን ገና በቡቃያው ለሌላ እንደ ሸጠ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቢጠፋ ኪሳራው የእርሱ አይደለም። ተማሪው ሳይቀጠር ቢቀር የሚከስረው በመጀመሪያ ተማሪው ራሱ፣ ቀጥሎም ውሉን የገዛው ባለሀብት ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን በምዝገባ ጊዜ አግኝቷል። ስለዚህ የሚጠቅመው የሚቀጠር ተማሪ ሳይሆን የሚፈርም ተማሪ ነው።

ከዚህም ጋር ቢሮው አንድ ተጨማሪ ጉድለት ጠቅሷል። የአሜሪካ ሕግ በእንዲህ ያለ ውል ላይ፣ ውሉ ለሌላ ቢሸጥም ገዢው ተማሪው በትምህርት ቤቱ ላይ ሊያነሣ የሚችለውን ክርክር ሁሉ እንደሚሸከም የሚገልጽ አንቀጽ እንዲገባ ያዝዛል። አንቀጹ በውሉ ውስጥ አልነበረም። «ቃል የገባችሁልኝን አላስተማራችሁኝም» የሚል ምሩቅ አቤቱታውን ለትምህርት ቤቱ ያቀርባል፤ ክፍያውን የሚጠይቀው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ስለ ትምህርቱ ጥራት አይመለከተኝም ሊል ይችላል።

በስምምነት በወጣው ትእዛዝ ድርጅቱ ለሸማቾች ብድር እንዳይሰጥ ለዘለቄታው ታገደ፤ ሥራ አስኪያጁ ለዐሥር ዓመት ከተማሪዎች ብድር ሥራ እንዲርቁ ሆነ። የገንዘብ ቅጣቱ 64,235 ዶላር በድርጅቱ፣ 100,000 ዶላር በሥራ አስኪያጁ ላይ ነው። ከተመረቁ ከ18 ወር በላይ ሆኗቸው የተባለውን ደረጃ ሥራ ካላገኙ ሰዎች መሰብሰቡ እንዲቆም፣ በትምህርት ላይ ያሉትም ያለ ቅጣት መውጣት እንዲችሉ ታዘዘ። ቅጣቱ ከ11,000 ውሎች ጋር ሲነጻጸር በአንድ ውል ዐሥራ አምስት ዶላር እንኳ አይሞላም።

ለሚዛናዊነት መነገር ያለበት ነገር አለ። የተቀጠሩት 50 በመቶ ነበሩ ማለት ብዙ ሰዎች ተቀጥረዋል ማለት ነው፤ ከእነርሱም መካከል ያለዚያ ትምህርት ቤት ወደ ሙያው መግባት የማይችሉ እንደ ነበሩ አያጠራጥርም። የጥናቱ ጥያቄ ግን እነርሱን አይመለከትም። ሠላሳውን ወይም ሃምሳውን በመቶ አስቀድሞ ያወቀ አመልካች ምናልባት ባልፈረመ ነበር፤ ወይም ሥራውን ሳይለቅ ማታ ማታ መማርን ይመርጥ ነበር። ያ ምርጫ የተወሰደበት ሰው ጉዳት በየትኛውም መቶኛ ውስጥ አይቆጠርም።

ነጻ ሥልጠናና የራሳችን ታህት

ከ2022 ወዲህ የአሜሪካ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ብዙ ሠራተኞችን ሲቀንሱ ለጀማሪ የሚከፈተው ቦታ ጠበበ። በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ቡትካምፖችን ያካሂድ የነበረው ቱዩ የተባለው ኩባንያ በ2019 ለዚህ ሥራ ሌላ ድርጅት በ750 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር፤ በታኅሣሥ 2024 ግን ቡትካምፖቹን እንደሚያቆም አስታወቀ።

በኢትዮጵያ መንገዱ የተለየ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ ነው። ተማሪው የሚፈርመው የገቢ ድርሻ ውል የለም፤ የሚያወጣው ጊዜውን፣ የኢንተርኔት ወጪውንና ሳይቋረጥ የሚቆይ መብራት ማግኘትን ነው። ስለዚህም በአሜሪካ የታየው የዕዳ ጉዳት እዚህ አይደርስበትም። የቁጥሩ ጥያቄ ግን እንዳለ ይቆያል። አምስት ሚሊዮን የሚለው ግብ የሠልጣኝ ቁጥር እንጂ የተቀጣሪ ቁጥር አይደለም፤ የምስክር ወረቀት የወሰዱትም ብዛት ሲነገር ከስንት ተመዝጋቢ እንደ ሆነ አብሮ ካልተነገረ፣ በመሐል ያቆሙት ለምን እንዳቆሙ ለማጥናት መነሻ አይኖርም።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ደግሞ ነገሩን ከቅርብ ያውቁታል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያካሂዷቸው የምሩቃን ክትትል ጥናቶች መረጃቸውን የሚሰበስቡት ባብዛኛው በስልክ ወይም በተላከ መጠይቅ ነው። ሥራ የያዘው ምሩቅ ስልኩ ይነሣል፤ መልስ መስጠትም አይከብደውም። ያላገኘው አንዳንዱ ቁጥሩን ቀይሯል፣ አንዳንዱ ወደ ትውልድ ቦታው ተመልሶ መረብ በማይደርስበት ይኖራል፣ አንዳንዱ ጥያቄው ራሱ ያሳፍረዋል። መላሾችን ብቻ በታህትነት የሚወስድ ሪፖርት ከፍላቲረን ስኩል ማስታወቂያ የሚለየው የሚሸጠው ነገር ባለመኖሩ ነው። በሪፖርቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ከተመረቁት፣ ከተገኙትና ከመለሱት ሦስቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚጨምረው ሥራ ሁለት ዓምድ ብቻ ነው።